የአባታችን ፊያት የማን ናት?

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ሐቅ ስንጨዋወት ቆይተናል። የዛሬው ወጋችን ስለ መኪና ነው። «ደግሞ መኪናን ከቤተሰብ ገጽ ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ጥቂት ታገሡን። የምናወራላት መኪና አንድ ግቢ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የቆመች፣ ባለቤቷ ወደ አኼራ የሄዱና ስድስት ወራሾች ያሏት ናት። እንዲህ ያለችው መኪና መካኒክ ዘንድ ከመድረሷ በፊት ወደዚህ ገጽ ብትመጣ ይሻላታል።

መቀሌ ውስጥ ሸራ ለብሰው የቆሙ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዋ ነዳጅ፣ ባንክና ስልክ ተቋርጦባት ነበር። ቤንዚን የሚገኘው በላስቲክ ጠርሙስ፣ ያውም በማይቀመስ ዋጋ ነበር። ሐኪሙም ነጋዴውም በእግሩ ሄደ፣ ብስክሌት ያለው ተከበረ፣ ጋሪ ነገሠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈርሞ ነዳጅ ቀስ በቀስ መግባት ሲጀምር ሰው ሁሉ ሸራውን ገልጦ መኪናውን መረመረ። የአንዱ ባትሪ ሞቷል፣ የሌላው ጎማ ተወስዷል፣ የአንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ የለም።

ይህቺ የኛዋ ግን የቆመችው ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። ፊያት 124 ስፖርት ትባላለች፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ አራት ወንበር፣ ዝቅ ያለች ኩፔ ናት። የቤተሰቡን ስም አንጠቅስም፤ ታሪኩን ግን በፈቃዳቸው ነው የምናወራው። አባትየው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የገዟት በ1967 ዓ.ም. አስመራ ላይ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያናዊ ነው። ያኔ ገና አላገቡም ነበር። ይህን ነገር አስታውሱልን፣ ወደ በኋላ ይፈለጋል።

ስለ መኪናዋ ጥቂት እንበል፣ ወጣቶች ይወዱታልና። ፊያት 124 ስፖርትን ቶሪኖ ያለው ፋብሪካ በኩፔ መልክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሞተሩን የነደፈው አውሬልዮ ላምፕሬዲ ሲሆን፣ ሰውየው ከዚያ በፊት የፌራሪን ሞተሮች ሲሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያዎቹ 1,438 ሲሲ ሆነው 90 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበራቸው። ዛሬ ይህ ቁጥር ብዙም ላያስደንቅ ይችላል፤ በዚያን ዘመን ግን ለቤተሰብ መኪና ዋጋ እንዲህ ያለ ሞተር ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር። ቫልቮቹን የሚያዙት ሁለት ዘንጎች ከቴስታታው አናት ላይ ተቀምጠው የሚሽከረከሩት ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጋ ነው። አራቱም እግሮቿ በዲስክ ፍሬን ይያዛሉ።

አባትየው ከመቀሌ ዓዲግራት፣ ከዓዲግራት አስመራ ሲመላለሱባት ኖሩ። መለዋወጫውም እውቀቱም ከአስመራ ነበር የሚመጣው። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣና ድንበሩ ሲዘጋ ፊያቷም አብራ ቆመች። የጎደላት የውሃ ፓምፕ ነበር፣ አንድ ዕቃ ብቻ! ከአስመራ አንድ ቀን የማይፈጀው ዕቃ ሃያ ዓመት ፈጀ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት አባት ታናሹን ልጃቸውን አስከትለው ሄዱ። ሲመለሱ ፓምፑን፣ አዲስ ቺንጋ፣ የፍሬን ጎማዎችና አንድ ሙሉ የጓርኒሲዮን ኪት በከረጢት ይዘው መጡ። መንገዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። «ለዒድ እንነሣታለን» ሲባል ዒዱ አለፈ፣ ሌላ ዒድ መጣ፣ ጦርነት መጣ። አባትየው በ2014 ዓ.ም.፣ ለስኳር በሽታቸው መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ፣ ይህችን ዓለም ተሰናበቱ። ከረጢቱ አልጋቸው ሥር ተገኘ።

እንግዲህ ችግሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ሟች የተዉት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን ነው። ታላቅየው ነጋዴ ነው። ቤቱ ጣራው ያፈሳል፣ የአደይ ዓይን ሕክምና ይፈልጋል፣ ስለዚህ መኪናዋ ትሸጥ ባይ ነው። ታናሹ ጋራዥ ያደገ ልጅ ነው። «አባቴ ለኔ ነው ያሳየኝ፣ ለኔ ነው ያስተማረኝ» ይላል። አንድ ቀን ታላቁ ከመንገድ ሲመለስ የፊያቷ ኮፈን ተነሥቶ፣ ካርቡራተሩ ወልቆ፣ ቴስታታው በጨርቅ ተጠቅልሎ መሬት ላይ አገኘው። በዚያች ቀን የተነገረውን ቃል ሁለቱም ዛሬ መድገም አይፈልጉም። ሁለት ወንድማማቾች አንድ መስጊድ እየሰገዱ አራት ወር ሳይነጋገሩ ቆዩ። የመኪናዋን ቁልፍ አደይ ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት።

እኛን በጣም ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ሲሟገቱ ሦስቱን እኅቶች የጠየቃቸው አልነበረም። አንዷ መቀሌ ባለ ትዳር ናት፣ አንዷ ጅዳ ሠራተኛ ናት፣ ትንሿ ደግሞ አደይ ዘንድ ሆና ትማራለች። ሁለቱ ወንድማማቾች «የኔ ናት» «የሁላችን ናት» ሲባባሉ «የሁላችን» የተባለው ራሱ ሁለት ሰው ብቻ ነበር! ይህን ጉዳይ አንባብያን በየቤታችሁ የምታውቁት ይመስለናል። መሬት ሲሆን፣ ቤት ሲሆን ሴቶች ልጆች ቢያንስ ይታወሳሉ፤ መኪናና መሣሪያ ሲሆን ግን «የወንድ ዕቃ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በሸሪዓችን እንዲህ ያለ የውርስ ዕቃ የለም። መኪናም፣ ካቻቢቴም፣ በከረጢት ያለችው የጎማ ቺንጋም ውርስ ናት።

ጉዳዩ ወደ አንድ የሰፈሩ ዓሊም ሲደርስ ሰውየው ያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ድርሻ አልነበረም። «ዕዳ አለባቸው ወይ?» ነው ያሉት። ሥርዓቱ እንደምታውቁት ነው፤ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ፣ ከዚያ ከንብረቱ ሢሶ ያላለፈ ኑዛዜ ካለ እሱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወራሽ የሚባለው። ሲፈተሽ አባት ለአንድ ብረት በያጅ የቀረ ሒሳብ ነበረባቸው፤ ተከፈለ። ያልተከፈለ የአደይ መህርም ካለ ዕዳ ነውና ተጠየቀ፤ ድሮ ተከፍሏል። ቀጥሎ መኪናዋ የተገዛችው ከጋብቻ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ታየ። በጋብቻ ውስጥ በጋራ የተፈራች ብትሆን ኖሮ የአደይ የራሳቸው ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ ይወጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ስለተገዛች የሟች ብቻ ናት።

የሟች እናትና አባት በሕይወት የሉም። ልጆች ስላሉ ለሚስት ስምንተኛው እጅ ነው። ከስምንት የተረፈው ሰባት እጅ ለልጆች ሲከፋፈል፣ ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ነውና፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት ደረሰ። አደይ አንድ፣ ሦስቱ እኅቶች ሦስት፣ ወንዶቹ አራት፤ ስምንት ሞላ። ሒሳቡ እንዲህ ሳይሰባበር የሚወጣበት ቤተሰብ ሁልጊዜ አይገኝም፤ የናንተ ቤት ቁጥር ሌላ ከሆነ በግምት አትከፋፍሉ፣ የሚያውቅ ጠይቁ።

ከዚያ ግምት መጣ። መኪናዋ የምትገመተው እንዳለችበት፣ ማለትም ሳትነሣ፣ ቴስታታዋ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ታናሹ ወደፊት የሚጨምርባት ድካምና ገንዘብ አሁን ባለው ዋጋ ውስጥ አይቆጠርም። ሁለት መካኒኮችና አንድ ደላላ ገመቱ። ሦስቱ ቁጥሮች እጅግ ተራራቁ፤ መካከለኛው ተያዘ። ቁጥሩን ከዚህ ብንጽፈው መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ስለሚያረጅ ትተነዋል። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ የሚያውቅ ጠፍቷል። ትናንት «ቁራጭ ብረት» የተባለችው ዛሬ ደላላ ይሰለፍላታል።

ታላቅየው ሁለት ድርሻውን ለታናሹ በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ ሸጠ። ያንን ገንዘብ ለአደይ ጣራ እንደሚያውለው የነገረን ራሱ ነው፤ እኛም አምነነዋል። ስለዚህ ታናሹ አራት ስምንተኛ፣ አደይና እኅቶች አራት ስምንተኛ ያዙ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚፈርስበት፤ የጥገናውን ወጪ ማን ይችላል? ታናሹ «እኔ አለሁ» አለ። ዓሊሙም «አለሁ ማለት ስጦታ ነው ወይስ ብድር?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። መልሱ እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ የላቡን ዋጋ ተወ፣ የዕቃውን ግን አልተወም። የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በደብተር ይመዘገባል፤ መኪናዋ አንድ ቀን ብትሸጥ የዕቃው ገንዘብ ቀድሞ ይወጣለታል፣ የተረፈው በስምንት ይካፈላል። ይህ ተጽፎ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት፣ ደብተሩ ለትንሿ እኅት ተሰጠ። የጅዳዋ ፈቃዷን በስልክ ድምፅ ልካ ነበር። ታላቅየው «ይበቃል» ቢባልም እሺ አላለም፤ በወግ የተጻፈ ውክልና እስኪመጣ ተጠበቀ። እኛም ከሱ ጋር ነን። ሊብሬው በሟች ስም ነው፤ ስሙ የሚዞረው ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሲወጣ ነውና ውክልናው ዞሮ ዞሮ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ወራሾቹ ሁሉ በፈቃዳቸው ስለተስማሙ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዱ።

አሁን ወደ ኮፈኑ ሥር እንግባ።

ሃያ ዓመት የቆመ ሞተር አስነሥቶ መስማት የወጣት ሁሉ ጉጉት ነው። ባትሪ ይገጥማል፣ ሞተሪኖውን ይመታል፣ ያኔ ነው ጉዳቱ። የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ በጉልበት ሲላቀቅ ይሰበራል። ደህናው መንገድ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ማፍሰስ፣ ለቀናት መተው፣ ከዚያ በቁልፍ በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ታናሹ ቴስታታውን ያወረደው ይህን ሊያይ ነበር፤ ሥራው ልክ ነው፣ ጊዜው ነው ልክ ያልነበረው። በዚህች ሞተር ላይ ደግሞ አሮጌውን የጎማ ቺንጋ ይዞ መነሣት አይሞከርም። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ሥርዓታቸውን ስተው ተጋጭተው ይጣመማሉ። አባትየው ከአስመራ ያመጡትም ቺንጋ ቢሆን ዓመታት በከረጢት ስለኖረ መካኒኩ አጥፎ ካየው በኋላ አልወደደውም። ሌላ ታዘዘ። የድሮውን አደይ አስቀምጠውታል።

በሰልባትዮው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቡናማ ሙጫ ሆኖ ነበር፤ ሽታውም የቤንዚን አልነበረም። ሰልባትዮው ወርዶ ታጠበ፣ ቱቦው ተቀየረ፣ ዌበር ካርቡራተሩ ተፈትቶ ተጸዳ። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት እንንገራችሁ። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቶሪኖ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ልጁ ከውጭ በታዘዘ አዲስ ኪት ውስጥ ያሉትን የቤንዚን ማሳለፊያ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሊገጥም ሲል ሽማግሌው መካኒክ እጁን ያዙት። አስመራም ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ነውና፣ ድሮ በዚያ የነበረ ሰው የአገሩን አየር አውቆ የቀየራቸው አሮጌዎቹ እንዲመለሱ አደረጉ። ሽማግሌው አማርኛና ትግርኛ እየቀላቀሉ ሲያወሩ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ ይላሉ። ሁሉም ጣልያንኛ ነው። ቃሉ የገባበትን ዘመን ማይጨውን የሚያስታውስ ትግራዋይ በፈገግታ ብቻ አይሰማውም፤ ሆኖም ጋራዡ ቃሉን ወስዶ የራሱ አድርጎታል።

ስለ መለዋወጫ የሚያሳስበው ሰው ላዳን ያስታውስ። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የማያውቅ አለ? ያቺ ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ቶልያቲ በተባለች የቮልጋ ከተማ ፋብሪካ ተከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዋ ላዳ ወጣች። ስፖርቷም ከሥር የተሠራችው በዚያው በ124 ላይ ነው። ታዲያ ዝምድና አለ ተብሎ ሁሉ ነገር ይገጥማል ማለት አይደለም። ሶቪየቶች ሞተሩን በራሳቸው ለውጠዋል፣ ላሜራውን አወፍረዋል፣ የኋላውንም ዲስክ ፍሬን አንሥተው ታምቡር አድርገዋል። ከላዳ የተገኘን ዕቃ ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ በመለኪያ ማመሳከር እንጂ «ዘመድ ነው» ብሎ በመዶሻ ማስገባት አይገባም። የጎማ ኩሽኔታ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ኩሽኔታ የመኪና ስም አያውቅም፣ ጀርባው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው። ሱቅ ሄዶ «የፊያት ስፖርት አላችሁ?» ያለ «የለም» ይባላል፤ ቁጥሩን የተናገረ ከሌላ መኪና ዕቃ መሐል ያገኛል።

ላሜራዋ ደህና ነች። እነዚህ መኪኖች በአውሮፓ ዝናብና ጨው ዝገት የሚበላቸው ናቸው፤ የመቀሌ ደረቅ አየር አትርፏታል። ከበሩ ሥር ጥቂት ተቆርጦ ተበየደ፣ ስቱኮ ተቀባ። ፀሐይ የበላው ወንበሩንና የመስታወቱን ጎማ ነው። የመስታወቱ ጎማ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሁሉ በላይ ግን ፍሬን! ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑ እንዲያልቅ ያዘዙት አደይ ናቸው፤ ስለ መኪና ምንም አላውቅም የሚሉት አደይ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ሲቆም ፒስተኖቹን ከውስጥ ያዝጋል፣ የጎማ ቱቦዎቹን ያሳብጣል። ከውጭ ሲታዩ ደህና መስለው ከውስጥ የተዘጉ ሁለት ቱቦዎች ተገኝተዋል። አራቱም እግር ተፈትቶ፣ ቱቦና ጎማ ሁሉ አዲስ ሆኖ፣ ዘይቱም ተቀየረ። ጎማ ስትገዙ ደግሞ ከጎኑ ያለችውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር እዩ። 2318 የሚል ቢሆን በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ልጁ የተሸጠለት «አዲስ» ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው 11 ዓመት ነበር፤ ትንሿ እኅት ናት ቁጥሩን አንብባ ያስመለሰችው።

አደይ ስለ ፍሬን አጥብቀው የጠየቁበት ምክንያት አላቸው። ሟች በመጨረሻ ዘመናቸው «ስትነሣ መጀመሪያ ነጃሺ እንሄዳለን» ይሏቸው ነበር። ነጋሽ ከመቀሌ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ውቅሮን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲመለሱ ቁልቁለት ነው። መስጊዱ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተጎዳ ወዲህ አደይ አላዩትም።

ፊያቷ ባለፈው ወር ተነሣች። በመጀመሪያ ቀን ነጭ ጭስ አወጣች፣ በሁለተኛው ጠራች። እስካሁን የሄደችው ከሰፈር እስከ ኲሓ ነው፤ በአንድ ጉዞ ታላቅየው ከጎን ተቀምጦ ነበር። የግራ የፊት ፍሬን ትንሽ ይስባል፣ ሰኞ እንደገና ይፈታል። ሦስተኛ ወገን መድን ተገብቷል፤ ምርመራውን አልፋ ቦሎ እስክትለጥፍ ከከተማ አትወጣም። ደብተሩ 41ኛ መስመር ላይ ደርሷል። የመጨረሻው መስመር «የፍሬን ሸራ፣ የፊት፣ አንድ ጥንድ» ይላል፤ ከጎኑ የሁለቱም ወንድማማቾች ፊርማ አለ።